ቀንድ አውጣ

ማርቆስ መናኸሪያ ጎን፣ በቆርቆሮ ሱቄ፣
ሃያ ዓመት ኖርኩ፣ ሰዓት ከጆሮዬ አጣብቄ።
ጥርሱ የተሸረፈው ሲያነክስ፣ ዘይት የጠማው ሲያቃስት፣
ሕመሙን አውቀው ነበር፣ ገና ክዳኑን ሳልከፍት።

አንድ ጠዋት የደብሩ ገበዝ ሰዓታቸውን ፈትተው ሰጡኝ፤
አስጠጋሁት፤ ዝም። «ሞቷል» አልኳቸው። ሳቁብኝ።
«ይስማው፣ ቆጣሪው እኮ ይሮጣል!»
አየሁት። እውነት ነው፣ ይሮጣል፤
እንደ ድመት እግር፣ ኮቴ ሳያሰማ ይዘላል።
ከዓይኔና ከጆሮዬ አንዱ ዋሸ፤
የትኛው እንደሆነ ሳልለይ መሸ።

መርፌ ከጀመርኩ ያኔ ስድስተኛ ወሬ ነበር።
ክኒን የለመደ ቲቢ፣ ሳንባዬ ላይ የሰፈረ፣ አልነቀል ያለ ነበር።
በየማለዳው ለሲስተር ውዴ ጎኔን እሰጣለሁ፤
ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፤ ደህና አድርጎ መቀመጥ ረስቻለሁ።
«ጆሮህ ጭው ይላል?» ትላለች፣ ካርዴን ይዛ።
«የለም።»
ጭንቅላቴ ውስጥ ግን የላምባ ምድጃ ሲነፋ ያድራል፤
ሻይ የሚጥድበት የለ፣ የሚያጠፋው የለ፣ ብቻውን ይነዳል።
ለምን ዋሸሁ? መርፌውን ያቆሙብኛል ብዬ፤
ሳሉ ተመልሶ፣ ደም እንዳልተፋ ብዬ፣ በልጄ ፊት፣ በእንጉዳዬ።

ከዚያ መሬት ከዳችኝ።
ፀሐይ ሳለች ደህና ነኝ፤ መብራት ሲጠፋ ግን
ግድግዳው ይሸሻል፣ አጥሩ ይመጣል፣ ደጁ ይዞራል።
«ይስማው አረቄ ጀመረ» ብሎ ሰፈሩ ያወራል።
አልፈረድኩም፤ በጨለማ እንዲያ ሲያየኝ ምን ይበል?

ዶክተሩ በካርዴ ጀርባ ቀንድ አውጣ ሣለልኝ፤
«ጆሮህ ውስጡ ይህን ይመስላል» ያለኝ መሰለኝ።
ዛጎሏ ውስጥ ጠጉር አለ፣ ከጤፍ አገዳ የቀጠነ፣
ድምፅ ሲነፍስ የሚወዛወዝ፤
መርፌው እሱን እያጨደ ሳንባዬን አዳነ።
የጎዛምን ጤፍ በረዶ ቢመታው፣ ለከርሞ ይዘራል፤
ይህ ማሳ ግን አንዴ ከታጨደ፣ ዘሩ ከየት ይመጣል?
«ፊት ከወጣ ጆሮ ኋላ የወጣ ቀንድ በለጠ» ይል ነበር አባቴ ሲተርት፤
የእኔዋ ቀንድ አውጣ ቀንዷን ሰብስባ ገባች፣ ዘጋችው ቤት።

ቀጭን ቀጭኑ ነው ቀድሞ የሚታጨድ።
በክብረ በዓል ከበሮው ደረቴን ይደልቃል፤
ጽናጽሉ ግን በካህናቱ እጅ እየተወዛወዘ ዝም ይላል።
ወፍ ሄደ። ፉጨት ሄደ። የማንኪያ ድምፅ ከብርጭቆ ላይ ሄደ።
ስሜም ተነካ፤ እናቴ «ይስማው» ነበር ያለችው፤
«ስ»ዋ ወልቃ፣ ዛሬ ሰው ሲጠራኝ «ይ…ማው» ነው።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤
የእኔስ ለስሜም ባዳ ሆነ።

ባለፈው ለምርመራ ስሄድ፣ አግዳሚው ላይ፣
ከሉማሜ የመጣች ልጅ ጆሮዋን በጣቷ ስትነቀንቅ ባይ፣
«ጭው ይልሻል?» አልኳት። ጮኼ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁሉም ዞረ።
«ተናገሪ! ዛሬውኑ! መድኃኒት ይለወጣል፤
ጆሮ ግን ከየት ይገዛል?»
የመለሰችልኝን አልሰማሁም።
ብቻ ተነሥታ የሲስተርን በር ስታንኳኳ አየሁ።

አሁን ሰዓት የማዳምጠው በጥፍሬ ነው፤
ከጀርባው አሳርፌ እጠብቃለሁ፣ ትንፋሼን ይዤ፤
ትንኝ የምታህል ምት ትነካኛለች፤
አንዳንዴ የሰዓቱ ናት፣ አንዳንዴ የገዛ ደም ሥሬ።

ትናንት እንጉዳይ እስክሪብቶ አንሥታ መዳፌ ላይ ጻፈች፦
«ሌሊቱን ሙሉ ስታንኮራፋ አላስተኛኸኝም።»
ሳቅሁ። ሳንባዬ ነው እኮ፤ እየሠራ ነው።
ሌላኛውን እጄን ዘረጋሁላት፦
«እስቲ እዚህም ላይ ጻፊው።»